«ሥራ አለ ወይ?» ብላችሁ አትግቡ

 

ሰሞኑን የደረሰኝ ደብዳቤ ከደብተር በተቀደደ ሉክ ላይ ስምንት ገጽ ሙሉ ጥቅጥቅ ብሎ የተጻፈ ነው። ጸሐፊዋ ስሟንም ሰፈሯንም እንዳላወጣ አስምላኛለችና አላወጣም። 24 ዓመቷ ነው። በሒሳብ አያያዝ ደረጃ 4 ጨርሳለች፤ የብቃት ማረጋገጫውን፣ ያው ሲኦሲ የምንለውን፣ አልፋለች። እናቷ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች። ሁለት ታናናሾች አሏት። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሙሉ አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማ፣ ጋዜጣ አገላብጣ፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ቴሌግራም ላይ አፍጥጣ ያመለከተችባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ቆጥራ ጽፋልኛለች። 63 ናቸው! የተጠራችው ለአራቱ ብቻ ነው። አራቱም ጋ የጠበቃት ጥያቄ ያው የምታውቁት ነው፤ «የሥራ ልምድ አለሽ?»

ሰባተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ደብዳቤውን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። እንዲህ ትላለች፤ «በዚህ ዓመት ካልሆነልኝ ዓረብ አገር ልሄድ ነው። ደላላው ሁለት ጊዜ ቤታችን መጥቷል። እናቴ ዝም ብላለች። ጓደኛዬ ማስታወቂያ አትጠብቂ፣ በቀጥታ ድርጅቶቹ ጋ እየገባሽ ጠይቂ ትለኛለች። እኔ ግን የሰው በር ማንኳኳት ልመና ይመስለኛል። በሩ ጋ ደርሼ የተመለስኩበት ቀን አለ። እግሬ እምቢ ይለኛል። አንተ ምን ትመክረኛለህ?»

እኔ እንግዲህ የተማርኩት እስከ 12ኛ ክፍል ነው፤ የዶክተር ምክር አትጠብቁብኝ። በዚህ ጉዳይ ግን የተዋረደ ሰው ምክር አለኝ። ከነፋስ መውጫ አዲስ አበባ በገባሁ ሰሞን አንድ ቀን ጀግንነት ተሰማኝና አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ዘው ብዬ ገባሁ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል። ባለቤቱ ከሠራተኞቹ ጋር ሽሮ ቀርቦለት እጁ ገና ወጡ ውስጥ ነው።

«ሥራ አለ ወይ?» አልኩ።

«ምን ትችላለህ?»

«የተገኘውን!»

ሰውየው ጉርሻውን ውጦ፣ «የተገኘ የለም» አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ መሰለኝ፤ ስወጣ ግን ጆሮዬ ይግል ነበር። እህቴ፣ እግርሽ እምቢ ሲልሽ እኔ አውቀዋለሁ ማለቴ ነው።

በዚያው ሳምንት ይህንን በስልክ ለአያቴ ነገርኳቸው። አያቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ያዘኑልኛል ስል እሳቸው ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ቤተ ልሔም ሳለሁ በቀን ሃያ ደጅ ለምኛለሁ። ሥራ ስፈልግ ግን አንድም ቀን አልለመንኩም። ሁለቱን ለምን ትቀላቅላለህ?» አሉኝ። ይቺን ነገር ለመረዳት ለጥቂት ደቂቃ ከአራት ኪሎ ተነስተን ጋይንት መድረስ አለብን፤ ታገሱኝ።

ቤተ ልሔም ስላችሁ የገናዋን አይደለም! ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ምድር ውስጥ ያለችውን ነው። የቅዱስ ያሬድ ድጓ የሚመሰከርባት ቦታ ናት። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ለማስመስከር ዙር አባ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ድጓ የተማረ ቤተ ልሔም ይሄዳል። ተማሪው መጀመሪያ ሌላ ቦታ፣ ሌላ መምህር ዘንድ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ ያንን የሚያህል መጽሐፍ በገዛ እጁ ከነዜማ ምልክቱ ይጽፋል። ከዚያ ቤተ ልሔም ይወርድና መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ይመሰክራል። እስኪፈጸምለት ድረስ ጎጆው ደሳሳ ነው፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ይውላል፣ የመንደሩ ውሻም ሁሉ ያውቀዋል።

መስክሮ ሲወጣስ? በአያቴ ዘመን «ክፍት የሥራ ቦታ» ብሎ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ ደብር አልነበረም። ስለዚህ ሰውየው ራሱ ይሄዳል። አያቴ ወሎ ውስጥ ወዳለ አንድ ደብር ሄዱ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የሄዱት በዓሉ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። በዓል ሲደርስ ደብር ሰው ይፈልጋላ! እንደደረሱም አለቃው ቤት ሮጠው «ቦታ አለ?» አላሉም። ያደሩበት ቤት ሰዎቹን ጠየቁ። እዚህ ለልጆቹ ዜማ የሚያስተምር ማን ነው? ማኅሌቱን የሚመራው ማን ነው? መሪጌታው አርጅተው ድምፃቸው እንደደከመ፣ ልጆቹም ከተበተኑ ዓመት እንዳለፋቸው በአንድ ማታ አወቁ።

የዋዜማው ዕለት ቅኔ ማኅሌት ገብተው ከሰልፉ ጫፍ ቆሙ። እንግዳ ነውና አንዱን ምራ ተባሉ፤ መሩ። አለቃው ዝም ብለው ሰሙ። በማግስቱ ደጀ ሰላም ጠላ ቀርቦ ሳለ አስጠሯቸው።

«የኔ ልጅ፣ ከየት ነህ?»

«ከቤተ ልሔም።»

«መጽሐፍህን ይዘሃል?»

አያቴ በእጃቸው የጻፉትን ድጓ ከማኅደሩ አወጡ። አለቃው ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ «መልካም ነው፤ ግን ለጊዜው ቦታ የለንም» አሏቸው። አያቴም፣ «ቦታ ባይኖርም ልጆች አሉ። እስከ ፋሲካ ልጆቹን ላስተምር፤ ከዚያ ይዩኝ» አሉ። ከፋሲካ በኋላ መሬትና ቤት ተሰጣቸው። እናቴ የተወለደችው እዚያ ነው።

እኔ የእንጨት ቤቱን በር ሳንኳኳ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልያዝኩም ነበር። ሰዓቱን አልመረጥኩ፣ ቤቱ ምን እንደጎደለው አልጠየቅኩ፣ የማሳየውም ነገር በእጄ አልነበረም። «የተገኘውን እሠራለሁ» ማለት ትሕትና ይመስለናል፤ ለቀጣሪው ግን «አንተው አስብልኝ» ማለት ነው። ለማኝ የሚያስመስለን በሩን ማንኳኳታችን ሳይሆን ባዶ እጃችንን ማንኳኳታችን ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «አንተ ደግሞ! የዛሬ ሥራ በዘመድ ነው» ስትሉ ይሰማኛል። እውነታችሁን ነው፣ ግን ግማሹን። አሜሪካም ያው ነው! በማሳቹሴትስ ኒውተን በምትባል ከተማ አንድ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ሥራ የያዙ ወንዶችን «ቦታውን እንዴት አገኛችሁት?» እያለ ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1974 መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። ከግማሽ በላይ የሆኑት በሚያውቁት ሰው በኩል ነው ያገኙት። ከመቶ 19 ያህሉ ግን ማስታወቂያ ሳይጠብቁ በቀጥታ ቀጣሪውን ጠይቀው ነው። በማስታወቂያና በአገናኝ ድርጅት ያገኙትም ያንኑ ያህል፣ ከመቶ 19 ገደማ ናቸው። እንግዲህ አስቡት። ሁላችንም ተጋፍተን የቆምንበት ሰሌዳና ማንም ያልተሰለፈበት በር እኩል አበሉ! ዘመድ ለሌለው ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከባሕር ማዶ ምን አገባን ካላችሁ እዚሁ አዲስ አበባ የተደረገውን ልንገራችሁ። የኢትዮጵያና የውጭ አገር የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከ3,000 በላይ የከተማችንን ወጣቶች ተከታትለው ነበር። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 29፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ፣ ከመሐል ከተማ ራቅ ብለው የሚኖሩ፣ ማለትም እኔና እናንተን የመሰሉ ልጆች ናቸው። ለአንዱ ቡድን መሐል ከተማ መጥቶ ሥራ የሚፈልግበት የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠው። ሌላው ቡድን ስለ ሲቪ አጻጻፍና ስለ ቃለ መጠይቅ ሥልጠና ወሰደ፤ ከዚያ ተፈትኖ ችሎታውን የሚመሰክር ወረቀት ተሰጠው። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታዩ ግን የታክሲው ገንዘብ ጥቅም ጠፍቶ የሥልጠናውና የምስክር ወረቀቱ ቆይቷል። እነዚያ ልጆች ምንም ካላገኙት ወደ 20 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ነበራቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ሳነበው አያቴ ትዝ አሉኝ። ቀጣሪ ክፉ ሆኖ አይደለም የሚመልሰን፤ ስለማያውቀን ነው። በምን ይወቀን? ቤተ ልሔም ይሄን ካወቀች ስንት ዘመኗ!

አሁን ወደ እህታችን ልመለስ። ሲኦሲውን አልፌያለሁ ብላ በአራት ቃል አልፋዋለች እኮ! ያ ወረቀት የእሷ ድጓ ነው። ነገር ግን አለቃው መጽሐፉን ያዩት መጀመሪያ ድምፁን ሰምተው ነው። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ባለቤት ደረጃ 4 ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ የባንክ መግለጫና የራሱ መዝገብ አልገጥም ብሎት ግን ሌሊት አይተኛም። ስለዚህ አንድ የተለማመድሽበትን የማስታረቂያ ሥራ በንጹሕ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ልብስ ሰፊ ከሆናችሁ አንድ አንገትጌ፣ ቀለም ቀቢ ከሆናችሁ የቀባችሁትን ግድግዳ ፎቶ በስልካችሁ፣ አናጢ ከሆናችሁ ያለ ሚስማር የተገጣጠመ አንድ መሳቢያ። እኔ ራሴ በኋላ ማተሚያ ቤት የገባሁት በራሳቸው በራሪ ወረቀት ላይ አሥራ አንድ የፊደል ስሕተት በቀይ አርሜ ወስጄ ነው። (አንዱን ተሳስቼ ነበር የታረምኩት፤ እሱን ግን ከተቀጠርኩ በኋላ ነው የነገሩኝ።)

ጊዜውንም ምረጡ። የግል ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ብትሄዱለት ሰው ይዞ ጨርሷል፤ ነሐሴ ላይ ግን አስተማሪዎቹ ሲለቁበት ጭንቅላቱን ይዟል። ነጋዴው ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፣ ዕቃ ይቆጥራል፤ ያን ሰሞን ሁለት እጅ አይበቃውም። የግንባታ ቦታ ከሆነ ካቦው የሚገኘው ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ መሐንዲሱን ፍለጋ ቀን ብትሄዱ ፀሐይ ነው የምትመቱት። ምሳ ሰዓት ግን፣ ምሳ ሰዓት በጭራሽ! እኔን ያየ ይማር።

ስለ ጥበቃው አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ጥበቃውን እንደ ግድግዳ ነው የምናየው፤ ሰላም እንኳ አንለውም። ጥበቃው ግን ማን እንደለቀቀ፣ ባለቤቷ ስንት ሰዓት እንደምትመጣ፣ ማንን ብታናግሩ እንደሚሻል ያውቃል። አያቴ ካደሩበት ቤት ሰዎች የሰሙትን እናንተ ከእሱ ትሰማላችሁ። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? የሒሳብ ሥራ የሚመለከተውን ሰው ለሁለት ደቂቃ ማግኘት እፈልግ ነበር፤ መቼ ብመጣ ይመቻቸዋል?» በሉ። ወንበር ላይ ያለውን ሰው ስታገኙ ደግሞ ሙሉ የሕይወት ታሪካችሁን አትዘርግፉበት። «ስሜ እገሌ ነው። ሒሳብ ተምሬ የብቃት ፈተናውን አልፌያለሁ። ቆጠራ እንደደረሰባችሁ ሰምቼ ነው የመጣሁት፤ የሠራሁትን አንድ ወረቀት ይዣለሁ፣ ቢያዩልኝ?» ከበቂ በላይ ነው። «አሁን ሰው አልፈልግም» ካላችሁ ወረቀቱን ከነስልካችሁ ትታችሁ፣ በወሩ ተመልሳችሁ ብቅ ማለት ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ። የመጀመሪያው «የለም» ብዙ ጊዜ «ዛሬ የለም» ነው።

ይሄ መንገድ የማይሠራበትም ቦታ አለ፣ ጫማችሁን አትጨርሱ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ክፍት ቦታውን በማስታወቂያ አውጥቶ አወዳድሮ ነው የሚቀጥረው፤ ትልልቅ ባንኮችም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ናቸው። እዚያ በር ላይ ቆሞ ኃላፊውን መለማመጥ ወይ ድካም ነው ወይ ሌላ ነገር ነው። ሌላውን ነገር እኔ አልመክርም።

ከአያቴ ታሪክ አንድ የማልስማማበት ነገር ደግሞ አለኝ። እስከ ፋሲካ በነፃ አስተማሩ፤ በጊዜው ቀለብና መኝታ ነበራቸው። ዛሬ «ችሎታሽን ልየው» እያለ ልጅ ሦስት ወር በነፃ የሚያሠራ ሞልቷል። ችሎታ ለማሳየት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሙከራ ነው፤ ሙከራ ደግሞ ሕግ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ እንዲሆንና ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ያዛል። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ሠራተኛ ነው፣ ደመወዙ ደመወዝ ነው። የጽሑፍ ውል ካልተፈረመ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። ይሄን በገባችሁበት ቀን ፊቱ ላይ አትወርውሩበት እንጂ እወቁት።

ለሴቶች እህቶቼ በተለይ። በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ቦታ፣ ሌላ ሰው ባለበት ብቻ። «አሁን አይመቸኝም፣ ማታ ካፌ ተገናኝተን እናውራ» የሚል ባለቤት ሥራ የለውም፤ ያለው ሌላ ነው። ወረቀትሽን ተቀበይና ውጪ። የሄድሽበትን ቤት ስም ለአንድ ሰው ነግረሽ ሂጂ። ደላላውንም ቢሆን ከአፉ ወሬ ይልቅ የኤጀንሲውን ፈቃድና የውሉን ወረቀት አሳየኝ በይው።

ደብዳቤዋ የደረሰኝ ግንቦት መጨረሻ ነበርና መልሱ ታትሞ እስኪደርሳት ሰኔ ሊያልፍባት ነው ብዬ በጻፈችልኝ ስልክ ደውዬ ይሄንኑ ነገርኳት። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «እሺ፣ አንድ ሳምንት ብቻ» አለች።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። በሳምንቱ ዘጠኝ ቦታ ሄዳለች። አምስቱን ጥበቃ መልሷታል። አንዱ ባለቤት ሒሳቡን የእህቱ ልጅ እንደሚሠራለት በትሕትና ነግሯታል። አንዱ የማታውን ካፌ ጠይቋታል፤ ወጥታ ሄዳለች። አንዱ ወረቀቷን ሳያይ መሳቢያ ውስጥ ከቷል። ዘጠነኛዋ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ናቸው። ወረቀቱን ገልብጠው አይተው፣ «ይሄን አላውቅም፤ ግን መቁጠር ትችያለሽ?» አሏት። ሁለት ቀን መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሳ ቆጠረች። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ 14 ኩንታል ሲሚንቶ አገኘች። የሁለቱን ቀን ከፍለዋት፣ «ሐምሌ 10 ነይና እንነጋገር» ብለዋታል።

ይቀጥሯት እንደሆነ እኔም እንደናንተው እየጠበቅኩ ነው። ደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ጽፋለች። መጋዘኑ ውስጥ በነበረችበት በሁለተኛው ቀን ደላላው ለሦስተኛ ጊዜ ቤታቸው መጥቶ ነበር። እናቷ ከምጣዱ ቀና ሳይሉ፣ «የለችም፤ ሥራ ሄዳለች» ብለው መለሱት።

እናንተም ጥበቃ የመለሳችሁን ጻፉልኝ። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!